ከማር ገበያ ወደ ኮዲንግ፦ ሥራ ሳይለቁ ሙያ የመቀየር ሂሳብ

ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን የ6 ዓመት ልጄ ተኝቷል። መምህር የሆነው ባለቤቴ የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት ይዞ ወደ ጓዳ ይገባል። እኔ የእራቱን ትሪ አንስቼ፣ ጠረጴዛውን ወልውዬ ላፕቶፔን እከፍታለሁ። ሰቆጣ በዚያ ሰዓት ጸጥ ትላለች። አልፎ አልፎ የሚያልፍ ባጃጅና የውሾች ጩኸት ብቻ ነው የሚሰማው። ስክሪኑ ላይ አሠልጣኛችን «ሁላችሁም ትሰሙኛላችሁ?» እያለ ስም ይጠራል። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ የባንክ ሠራተኛ፣ ሁለቱ የሒሳብ መምህራን፣ ሌላዋ ሕፃን አቅፋ የምትከታተል እናት። እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ሁላችንም ቀን የምንውልበት ሥራ አለን፤ ሌላ ሙያ ለመማር የምንቀመጠው ቀኑ ካለቀ በኋላ ነው።

በ2017 ዓ.ም. 6 ወር እንዲህ አለፈ። «ኮዲንግ ተማሪ፣ ሕይወትሽ ይለወጣል» የሚለውን ምክር ከጓደኛ፣ ከቴሌቪዥን ወይም ከቴሌግራም ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ልጆቻቸውን በክረምት የኮዲንግ ትምህርት የሚያስመዘግቡ ወላጆችም በርክተዋል። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ወላጆቹ ነው፤ 30 ዓመትን ካለፉ በኋላ፣ ቤትና ልጅ ይዘው፣ ከደመወዛቸው ሳይነሱ አዲስ ሙያ ለመጀመር ስለሚያስቡት። ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? መጨረሻው ላይስ ምን ይገኛል?

ለምን ጀመርኩ?

የመጀመሪያ ዲግሪዬ በማርኬቲንግ ማኔጅመንት ነው። ላለፉት 8 ዓመታት የምሠራው የአርሶ አደሮችን ምርት ሰብስቦ ለገበያ በሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ ነው። ዋግ ኽምራ በማሩና በፍየሉ የታወቀ ነው፤ የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ በአበርገሌና በዝቋላ በኩል ዓሣ ማስገር የብዙ ወጣቶች መተዳደሪያ ሆኗል። የእኔ ሥራ ማሩ በየትኛው ወር፣ በስንት ብር፣ ለማን ቢሸጥ ያዋጣል የሚለውን ማጥናት ነው። ጥናት ስላችሁ ግን ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ከየመሰብሰቢያው በደብተር ተጽፎ የሚመጣውን ዋጋ፣ በስልክ የሚነገረኝን ኪሎ ሁሉ ወደ ኤክሴል መገልበጥ ነበር። ወር በገባ ቁጥር 3 ቀን ሙሉ ቁጥር እገለብጣለሁ፤ ለማሰብ የሚተርፈኝ ግማሽ ቀን ነው።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወራት ሰቆጣ መብራት፣ ስልክና ባንክ አጥታ ስትከርም፣ እንደ ብዙው ሰው የእኔም ሥራ ቆመ። የማውቀው ሁሉ ከአንድ ቢሮና ከአንድ ወንበር ጋር የታሰረ መሆኑን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። ወደ ሥራ ከተመለስን በኋላም ሐሳቡ አልለቀቀኝም።

ከዚያ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» ፕሮግራም ይፋ ሆነ። ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የጀመረችው፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2026 ድረስ 5 ሚሊዮን ሰው ለማሠልጠን የታቀደ፣ በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ከሚሰጡት መካከል የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራና የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ትምህርቶች ይገኙበታል። እኔ የዳታውን መርጬ፣ አብዛኛውን በስልኬ ተከታትዬ ሰርተፍኬቱን አገኘሁ። ደስ አለኝ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ባዶ ገጽ ከፍቼ አንድ ነገር ልሥራ ብል እጄ አልታዘዝ አለ። ጎረቤት ስትጋግር እያዩ «እንጀራ እኮ ቀላል ነው» ማለትና ምጣዱ ፊት መቀመጥ ይለያያሉ፤ የእኔ እንጀራ ዓይን አላወጣም። የሚያርመኝ ሰው፣ የሚጠብቀኝ የቤት ሥራ፣ አብሮኝ የሚሳሳት ጓደኛ እንደሚያስፈልገኝ ገባኝ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሥራ ላይ ላሉ ሰዎች ባዘጋጀው የትርፍ ሰዓት ቡትካምፕ የተመዘገብኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቡትካምፕ ምንድን ነው?

ቃሉ ከውትድርና የመጣ ነው፤ ምልምል ወታደር ለአጭር ጊዜ በጥብቅ ዲሲፕሊን የሚሠለጥንበት ቦታ ማለት ነው። በኮዲንግ ትምህርት ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት በሳን ፍራንሲስኮ የተከፈተው ዴቭ ቡትካምፕ ከፊት መሪዎቹ አንዱ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ከሚጠይቀው 4 ዓመት ውስጥ ለሥራ በቀጥታ የሚያስፈልገውን ብቻ ለይቶ በጥቂት ወራት ማስተማር። ሙሉ ቀን የሚማሩበት አለ፤ እንደ እኔ ላለው ሠራተኛ ደግሞ በምሽትና በሳምንት መጨረሻ የሚሰጠው አለ።

አገራችን ውስጥም መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲስ አበባ የተጀመረው ኤ ቱ ኤስ ቪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በነጻ እያሠለጠነ እንደ ጉግል ላሉ ትልልቅ ኩባንያዎች የቅጥር ፈተና ያዘጋጃል። በራሱ ለሚማር ሰው ደግሞ በፊንላንድ የሚኖረው አሳብነህ የታየህ ያዘጋጀው የ30 ቀን የፓይተን ትምህርት በዓለም ዙሪያ በነጻ ይነበባል። እኔም ብዙ ምሽት እሱን ገልጫለሁ።

የእኛ ሥልጠና በሳምንት 3 ምሽትና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ድረ ገጽ የሚሠራባቸውን ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት ተማርን። ቀጥለው የመጡት 2 ወራት የፓይተንና መረጃ ከመረጃ ቋት የሚጠየቅበት የኤስኪውኤል ነበሩ። የመጨረሻዎቹ 2 ወራት እያንዳንዳችን የራሳችንን ፕሮጀክት የምንሠራባቸው ሆኑ። ክፍለ ጊዜው በሳምንት 10 ሰዓት ያህል ነው፤ የቤት ሥራው ሌላ 8 ሰዓት ይበላል። መብራት የጠፋበትና ኔትወርክ የተቆራረጠበት ምሽት ሲጨመር፣ የቀረውን ትምህርት ተቀድቶ ማየት አለና ከዚያም ይበልጣል።

ኮምፒውተሩን ማን አስተማረው?

ኮዲንግ ምን እንደሆነ በእውነት የገባኝ ክፍል ውስጥ አይደለም። ለ2017 የፋሲካ በዓል ከከተማ ወጣ ብለው ወደሚኖሩት አያቴ ቤት ሄደን ነበር። አያቴ መሪጌታ ናቸው፤ ከውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ መንደር ይኖራሉ። በኽምጣናም በአማርኛም የሚያወጉ፣ ዕድሜያቸው ገፍቶም ባሕረ ሐሳብን ከጣታቸው ያልጣሉ ሰው ናቸው። እኔም የሳምንቱ የቤት ሥራዬ ሆኖ ዘመን መለወጫ የሚውልበትን ቀን የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። 2017ን አስገብቼ ሞክሬዋለሁ፤ ረቡዕ አለ፤ ልክ ነው። ስለዚህ ኮርቼበት ነበር።

«አባባ፣ የሚመጣው ዘመን መለወጫ ዓርብ ነው የሚውለው» አልኳቸው።

ጣታቸውን በጣታቸው እየነኩ ጥቂት ዝም አሉ። «ሐሙስ ነው» አሉ።

«ኮምፒውተሩ ግን ዓርብ ነው ያለው።»

«ኮምፒውተሩን ማን አስተማረው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ፤ እሱን አትውቀሺው።»

ከዚያ አጠገባቸው አስቀምጠው አሰሉልኝ። 5500ን ከ2018 ጋር ደምሪ፤ ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። ለ4 ክፈይው፤ 1879 ይደርሳል፣ 2 ይተርፋል። 1879ኙ መጠነ ራብዒት ይባላል። እሱን ከዓመተ ዓለሙ ጋር ደምሪና 9397ን ለ7 ክፈይ፤ 3 ይተርፋል። 1 ቢተርፍ ማክሰኞ፣ 2 ቢተርፍ ረቡዕ፣ 3 ሲተርፍ ሐሙስ። አለቀ።

እኔ የት እንደሳትኩ ያየሁት ያኔ ነው። 7518 ለ4 ሲካፈል ኮምፒውተሩ 1879 ነጥብ 5 ይላል። ሙሉ ቁጥር እንዲሆንልኝ ብዬ ወደ 1880 አጠጋግቼው ነበር። በ2017 ግን ትርፉ ትንሽ ስለነበር ማጠጋጋቱ ወደ ታች ሆኖ ስህተቴ አልታየም። «ትርፉን ከሙሉው ጋር ማን ደባልቂው አለሽ?» አሉኝ። «ትርፉ እኮ ወንጌላዊው ነው። 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፤ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ዘንድሮ ማቴዎስ ነበር፤ ለከርሞ ማርቆስ ነው።»

ፓይተን ውስጥ በአንድ እዝባር ማካፈልና በሁለት እዝባር ማካፈል ይለያያሉ፤ ሁለተኛው ትርፉን ለይቶ ሙሉውን ብቻ ይወስዳል። ያቺን አንዲት ምልክት ጨመርኩ፤ ፕሮግራሙ ሐሙስ አለ። አሠልጣኛችን ሦስት ሳምንት ሙሉ «በአንድ ምሳሌ ብቻ ሞክራችሁ ሠራ አትበሉ» ሲለን የነበረውን አያቴ በአንድ ከሰዓት አስተማሩኝ። ኮድ መጻፍ ማለት አንድን ሥራ ቅደም ተከተሉን ሳያዛንፉ፣ የተረፈውንም ሳይጥሉ፣ ምንም ለማያውቅ ሰው እንደሚነግሩት አድርጎ መናገር ነው። ይህን አያቶቻችን ያለ ኤሌክትሪክ ሲሠሩት ኖረዋል። ሒሳብ እፈራለሁ ለሚሉ እናቶችና አባቶች ይህን ስናገር ብዙዎቹ ትከሻቸው ቀለል ይላል።

ሰዓቱ ከየት መጣ?

በሳምንት 18 ሰዓት ከየትም አይገኝም፤ ከአንድ ቦታ ይወሰዳል። ከስልክና ከቴሌቪዥን የቀነስኩት 4 ሰዓት ቢሆን ነው። 6ቱን ከእንቅልፌ ወሰድኩ። የቀረው 8 ሰዓት የቤተሰቤ ነበር።

ባለቤቴ ሳልጠይቀው ልጃችንን ማጠብና ማስተኛት ጀመረ፤ ቅዳሜ ገበያ መሄዱም የሱ ሆነ። አንዳንድ ጎረቤት «ዲግሪ ይዛ ደግሞ ምን ልትሆን ነው?» ማለቱ አልቀረም። እሱን ለመድነው። የከበደን ግን ሌላ ነው። በሦስተኛው ወር ገደማ ልጄ ማታ ማታ «ተረት ንገሪኝ» ማለቱን ተወ። ሌሊት ሲባንንም የሚጠራው አባቱን ሆነ። መጀመሪያ ላይ ዕፎይ ብዬ ነበር፤ ትምህርቴን አላቋረጠኝማ። ትርጉሙ የገባኝ ቆይቶ ነው።

በዚያው ሰሞን የገንዘቡ ነገርም ተነሳ። ላፕቶፑን የገዛሁት ማቀዝቀዣ ልንገዛበት ባሰብነው የዕቁብ ብር ነበር። አንድ ምሽት ድምፃችን ከፍ ብሎ ተነጋገርን። ባለቤቴ ያለኝን ዛሬም አልረሳውም፦ «ትምህርቱን አልጠላሁትም። መጨረሻው መቼ እንደሆነ አለማወቄ ነው ያስጨነቀኝ።»

እውነቱን ነበር። እኔ ለራሴ የሥልጠና መርሐ ግብር ይዤ፣ ለቤቴ ግን ምንም አልያዝኩም ነበር። በማግስቱ ወረቀት አውጥተን 3 ነገር ጻፍን። እሑድ ላፕቶፕ አይከፈትም። ከትምህርቱ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት የልጃችን ነው፤ ተረቱን የምነግረው እኔ ነኝ። ከዘመን መለወጫ በፊት ቁጭ ብለን እቀጥል ወይስ ይብቃኝ የሚለውን አብረን እንወስናለን። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። ልጄ ተረቱን በአንድ ምሽት አልተቀበለኝም፤ ሁለት ሳምንት ያህል አስጠበቀኝ። ለእናንተም የምመክረው መጀመሪያ ይህን ወረቀት እንድትጽፉ ነው፤ የሥልጠናው ምዝገባ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ማስታወቂያውን በነጋዴ ዓይን

ማስታወቂያ እንጀራዬ ነው፤ ስለዚህ የሥልጠና ማስታወቂያ ሳነብ ያልተጻፈውን እፈልጋለሁ። «ከተመራቂዎቻችን ይህን ያህሉ ሥራ ይዘዋል» የሚል ቁጥር ስታዩ «ከስንቱ? በስንት ወር ውስጥ? ምን ዓይነት ሥራ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ክፋት አይደለም። በአሜሪካ ቀድሞ ላምዳ ስኩል የሚባለው ብሉምቴክ ከ71 እስከ 86 በመቶ የሚሆኑ ተማሪዎቹ ሥራ እንደሚይዙ ሲያስተዋውቅ፣ ለባለሀብቶቹ የሚያሳየው ቁጥር ግን ወደ 50 በመቶ የቀረበ እንደነበር የአገሪቱ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ገልጾ እርምጃ ወስዷል።

የዩኒቨርሲቲ ስምም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በዚያው አገር ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ስማቸውን ሰጥተው ቡትካምፑን የሚያካሂድላቸው ሌላ ኩባንያ ነበር። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ቱ ዩ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ቡትካምፖቹን እንደሚያቆም አስታውቋል። ስለዚህ የሚያስተምረው ማን ነው? የጻፍኩትን ኮድ አንብቦ የሚያርመኝ ሰው አለ? አንድ አሠልጣኝ ስንት ተማሪ ይይዛል? ባቋርጥ ገንዘቤ ይመለሳል? ያለፈው ዙር ተማሪ አገናኙኝ ብል እሺ ትላላችሁ? እነዚህን ሳይጠይቁ አለመክፈል ነው። ከዚያም በፊት በነጻ የሚሰጡትን ትምህርቶች ለአንድ ወር መሞከር ብልህነት ነው። ወሩን ሙሉ በየምሽቱ ከተቀመጣችሁ ለሚከፈልበት ተዘጋጅታችኋል። ካልተቀመጣችሁ ደግሞ ገንዘባችሁ ተረፈ።

ከሰርተፍኬቱ በኋላ

ሥልጠናውን በክረምቱ መግቢያ ጨረስኩ። በ2 ወር ውስጥ 11 ቦታ አመለከትኩ። መልስ የሰጡኝ 2 ናቸው፤ አንዱ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ሰርተፍኬቴን አላዩትም። «የሠራሽውን አሳዪን» ነው ያሉኝ። አሳየኋቸው፤ ወደዱት፤ ነገር ግን የ3 ዓመት ልምድ ያለው ሰው ነበር የፈለጉት። ዛሬ ጀማሪ ፕሮግራመር ይሠራው የነበረውን ቀላል ኮድ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በደቂቃ ይጽፈዋል። ስለዚህ 6 ወር ተምሮ ከሌሎች ጀማሪዎች ጋር መሰለፍ ከባድ ነው። ያ ክረምት ቀላል አልነበረም። የዕቁቡን ብር፣ የልጄን ተረት እያሰብኩ «ምን አደረግኩ?» ያልኩባቸው ሌሊቶች ነበሩ።

ያሳየኋቸው ፕሮጀክት የማር ዋጋ ነበር። ከየመሰብሰቢያው የሚመጣውን ዋጋና ኪሎ ተቀብሎ፣ የተደጋገመውን ለይቶ፣ ያለፈውን ዓመት ከዘንድሮ ጋር የሚያስተያይ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ከእሱ የተሻለ ኮድ የሚጽፍ ወጣት በየቦታው አለ። የዋግ ማር መቼ እንደሚቆረጥ፣ ነጋዴው በየትኛው ሳምንት ዋጋ እንደሚሰብር፣ ደብተሩ ላይ «1 ቆርቆሮ» ሲባል ስንት ኪሎ ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። አንድ ቀን ለኃላፊዬ አሳየሁት። 3 ቀን ይፈጅ የነበረው ግልበጣ በ20 ደቂቃ አለቀ። ኃላፊዬ ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አይተው «ይሄ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አሉ።

አሁን በዚያው ድርጅት፣ በዚያው ወንበር ላይ ነኝ። የሥራዬ ግማሽ ግን መረጃ መተንተን ሆኗል። በተጨማሪም አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ከቤቴ ሆኜ የምሠራው የ2 ወር ኮንትራት ሰጥቶኛል። ደመወዜ በእጥፍ አላደገም፤ የላፕቶፑ ወጪ ግን ሊመለስ ተቃርቧል። ከባለቤቴ ጋር በቀጠሯችን ተቀምጠን ለአንድ ዓመት በመረጃ ትንተናው እንድቀጥልና ሶፍትዌር ኢንጂነር ለመሆን የማደርገውን ሩጫ እንድተወው ተስማማን። ማቀዝቀዣው በሚቀጥለው ዕጣ ይገዛል።

ሙያ ለመቀየር ለምታስቡ አንባቢያን የምለው አንድ ነው። የቆየ ሙያችሁን ደጅ ጥላችሁ አትሂዱ። ነርሷ ጓደኛዬ የመድኃኒት ክምችት መቆጣጠሪያ ሠርታለች፤ የሒሳብ መምህሩ የተማሪዎች ውጤት ማጠናቀሪያ። ሁለቱም ሰው የጠየቃቸው ቀድሞ በሚያውቁት ነገር ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት ከዕለት ሥራችሁ ውስጥ በየወሩ የሚያደክማችሁን አንድ ነገር ምረጡ፤ የምትማሩት እሱን ለማቅለል ይሁን።

የ2018 ዘመን መለወጫ እንደተባለው ሐሙስ ዋለ። አያቴ ቤት ጠላና ዳቦ ቀርቦ፣ ልጄ ከጎናቸው ተቀምጦ «የሚቀጥለውስ መቼ ነው?» አላቸው። ጣታቸውን ይዘው ቆጠሩ። እኔም ላፕቶፔን አውጥቼ 2019ን አስገባሁ። እሳቸው «ዓርብ» አሉ። እኔ ስክሪኑን ወደሳቸው አዞርኩት። ዓይናቸው ፊደሉን ስለማይለይላቸው ልጄ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፦ ዓርብ።